የአባቴ እግር ከአሥር ስንት ነው?

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አላገባበትም፣ ማንም ከአገር አልወጣበትም። አንድ የቀድሞ ሾፌር ከቆዳው ሥር ባትሪ ተቀበረለት፤ ይኸው ነው። ለዶርም ጓደኛዬ በአጭሩ ስነግራት «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሚነገር ነገር ስላልነበረኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰው በተሰላቸ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል። እናቴን ሳማክራት ግን «ጻፊው። እኔ ለጎረቤት ስናገር አባትሽ እያቋረጠ አስቸገረኝ፤ ወረቀት ላይ ማቋረጥ አይችልም» አለች። አባቴ በበኩሉ ስም እስካልተጠራ ድረስ ግድ እንደሌለው ነግሮኛል። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም።

አባቴ ጉልበት በነበረው ጊዜ ሁሉ ከሐዋሳ ሞያሌ ከባድ መኪና ነድቷል። የመንገዱን ጉድጓድ በአከርካሪው ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ዲስክህ ተንሸራቷል ተባለና አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ አልሆነም፤ ተደገመ። ከሁለተኛው በኋላ ሐኪሞቹ ፎቶውን አይተው ጀርባው ድኗል አሉ። ወሬው ግን ግራ እግሩ ዘንድ አልደረሰም። ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርደው እሳት እንደ ድሮው ቀጠለ። የሚሰጡት መድኃኒቶች እሱን ያስተኙታል እንጂ እሳቱን አያስተኙትም።

ሕመሙን «ተሳፋሪው» ይለው ነበር። ጠዋት ጠዋት «ተሳፋሪው እንዴት አደረ?» እንለዋለን። «አልወርድም ብሏል» ይለናል። ስለ ሕመሙ ከሚናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ከቤት ውጭ ለሚጠይቀው ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።» የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ከሆንክ ምእመናን ወደ አንተ መጥተው ያማርራሉ እንጂ አንተ ለማንም አታማርርም። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ በየሄደበት ደህና ነኝ እያለ ቤቱ ሲገባ ፍሪጁን ተደግፎ ቆሞ ይበላል። መቀመጥ አይችልምና። የሚተኛው ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ እግሩን ሶፋው ላይ ሰቅሎ ነው። ጫማውን የምታስርለት እናቴ ናት። እናቴ መሃል ከተማ የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ተንበርክካ ታስርለታለች፣ እሱም ከላይ ሆኖ «ጠበቅ አርጊው» እያለ ያዛታል።

አንድ ቀን እዚሁ ሐዋሳ የምትከታተለው ዶክተር አስጠራችን። ወጣት ናት፤ ፈጥና ትናገራለች፤ አባቴን «አባት» እያለች ነው የምታነጋግረው። ከውጭ አገር የሕመም ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ ይመጣሉ፤ ጥቂት መሣሪያ ይዘዋል አለችን። መሣሪያው ቀጭን ሽቦ ነው፤ አከርካሪ ውስጥ፣ ከነርቩ አጠገብ ይቀመጣል። ከባትሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ነርቩን ይነዝረዋል።

«ሕመሙን አያጠፋውም» አለች። «ሕመሙ ወደ ጭንቅላት ሲወጣ መንገድ ላይ ያስቆመዋል።»

«እንደ ኬላ?» አለ አባቴ።

«ልክ እንደ ኬላ።»

የአባቴ ፊት በራ። የሕክምና ነገር ሲገባው የመጀመሪያው ነው። «ኬላ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ የኬላ ጠባቂ ይተኛል። ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው አይተኛም፤ ቻርጅ ብቻ ይፈልጋል።»

«እነሱም ይፈልጉ ነበር» አለ አባቴ።

ነገሩ በሁለት ደረጃ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሽቦው ብቻ ይገባል፣ ባትሪው ከውጭ ወገብ ላይ ይለጠፋል፤ ሕመምተኛው ቤቱ ሄዶ ለሳምንት ያህል ይሞክረዋል። ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ባትሪው ለዘለቄታው ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በግማሽ ካልቀነሰ ሽቦው ይመዘዛል፤ መሣሪያው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሄዳል። እንግዶቹ ሐኪሞች ደግሞ ወዲያው ይመለሳሉ። ሁለተኛ ዕድል የለም። ዶክተሯ ይህን ስትል እናቴ ቦርሳዋን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንግዲህ አሁን ያለውን እንለካ» አለች ዶክተሯ። «ዜሮ ማለት ምንም ሕመም የለም። አሥር ማለት ከዚያ የባሰ ሊኖር የማይችል ሕመም ነው። የእርስዎ እግር ስንት ነው?»

አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ቆሟል። ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«አሥር የጌታ ነው» አለ።

«ይቅርታ?»

«አሥር የመስቀሉ ሕመም ነው። እሱን ማንም አይነካውም። ዘጠኝ የሰማዕታት ነው። የተቃጠሉ አሉ፣ ለአንበሳ የተሰጡ አሉ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ ስምንትስ?»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። «ስምንት የምጥ ነው።»

«ስላስታወስከን እናመሰግናለን» አለች እናቴ።

ሰባትን ለካንሰር ሕመምተኞች ሰጠ። ስድስትን የፈላ ዘይት ለተደፋበት፣ አምስትን ለኩላሊት ጠጠር ሰጠ። አራት ላይ ሲደርስ ስኳር እግሩን ያስቆረጠው ጎረቤታችን ትዝ አለው። እንዲህ ሁሉንም ካደለ በኋላ፣ ሰርግ ቤት ሥጋ ሲዞር ትንሿን ቁራጭ እንደሚያነሳ እንግዳ አፈር ብሎ፣ «እኔ ሦስት ብል ይበቃኛል» አለ።

«በሦስት ሰው ቆሞ አይበላም፣ አባት» አለች ዶክተሯ።

«ልማድ ነው።»

«ሦስት ከሆነማ ለምን መጣን?» አለች እናቴ።

«ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል» አላት።

የዶክተሯ ደንብ ሕመምተኛው ያለውን መጻፍ ነው። ፎቶውም ምርመራውም ለሙከራው እንደሚበቃ ስለሚያሳይ ሙከራው ተፈቀደለት፤ መነሻው ግን ሦስት ሆኖ ተመዘገበ። እኔ ከጎን ቆሜ በሁሉም ነገር ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። ሰው ሲያስረዳ ራሴን መነቅነቅ ልማዴ ነው።

ሽቦው ሲገባ አባቴ በሆዱ ተኝቶ ነቅቶ ነበር። ንዝረቱ የት ላይ እንደሚሰማው እሱ ካልነገራቸው ሐኪሞቹ ቦታውን ማግኘት አይችሉም። በኋላ ዶክተሯ እየሳቀች እንደነገረችን፣ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ አባቴ «ጌታ ይመስገን» ብሎ ዝም አለ። ሽቦውን ትንሽ ገፉት፤ «ጌታ ይመስገን።» መለሱት፤ «ጌታ ይመስገን።» እንግዳው ሐኪም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ ሲነገረው ቦታው የተገኘ መስሎት ጓንቱን ሊያወልቅ ነበር። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ «አባት፣ ጌታ የት ላይ ይመስገን?» አለችው።

«ባቴ ላይ» አለ። እሳቱም ያለው እዚያው ነበር። እንዲህ አድርገው አገኙት።

ቤት ሲመጣ ደንብ ተሰጠው። እንዳያጎነብስ፣ እንዳይጠማዘዝ፣ እጁን ከትከሻው በላይ እንዳያነሳ ተባለ፤ ሽቦው ሊንሸራተት ይችላል። ባትሪው በፕላስተር ወገቡ ላይ ተለጥፏል፤ ኃይሉን የሚጨምርና የሚቀንስ ትንሽ ሪሞት አለው። አባቴ ዕድሜ ልኩን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለማንም ያልሰጠ ሰው ነው። የራሱ ሪሞት ግን መነጽር ስለሚፈልግ እናቴ እጅ ገባ። እሱ ወሬ ሲያስረዝም ከቦርሳዋ አውጥታ «ድምፁን ልቀንሰው?» ትለዋለች።

ጠያቂው ብርቱካንና ሙዝ እየያዘ ጎረፈ። አንዱ «ሬዲዮ ይይዛል?» ሲል ሌላው ስልክ ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ ይጠይቃል። ከቡሹሎ የሚመጣ አንድ የአባቴ ጓደኛ አለ፤ እንደ እሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያርሳል፤ ሲያወራም ራቅ ላለ ማሳ እንደሚጣራ ሰው ጮክ ብሎ ነው።

«መብራት ሲጠፋ አንተም ትጠፋለህ ማለት ነው?» አለ።

«ባትሪ ነው እኮ።»

«እንግዲያው እኛ ዘንድ ናልን። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ በአንተ እራት እንበላለን።»

ይህን ሁሉ ሲያወሩ ያላስተዋሉት ነገር ነበር። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ጠረጴዛ ቀርቦ ፍርፍሩን ተቀምጦ በልቷል። እናቴ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧ ከፈተች፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ፤ ስገባ ግን ማጠቢያው ውስጥ አንድም ሳህን አልነበረም። በማግሥቱ አባቴ አልጋው ላይ ተኝቶ አደረ። ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር እስከ አስፋልቱ ሄዶ ተመለሰ፤ አጥሩ ላይ የቆሙትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ የሐይቅ ወፎች «እነዚህም ሽማግሌዎች ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሰው ይታዘባሉ» እያለ ቀለደባቸው። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ ላይ ሲቀልድ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ከሰዓት ከሰዓት ሕመሙን የምትመዘግብ አንዲት ሲስተር ከሆስፒታል ትደውላለች። ሰላምታው ራሱ አንድ ጉባኤ ነው። እሱ የእሷን እናት ይጠይቃል፣ እሷ የእኛን ቤት ትጠይቃለች፣ ዝናቡ ይነሳል፣ ጌታ ደጋግሞ ይመሰገናል። በመጨረሻ «አባት፣ ዛሬ ስንት ነው?» ትላለች።

«ሁለት» ይላል አባቴ።

እኔ እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ እየተማርኩ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ሲዘጋ ጠብቄ በትሕትና ቀረብኩት።

«አባዬ፣ የሦስት ግማሽ እኮ አንድ ተኩል ነው።»

«ታዲያ?»

«ሁለት ካልክ በግማሽ አልቀነሰም ማለት ነው። ሽቦውን ያወጡታል።»

«ሁለት ነዋ። አሁንም ትንሽ ይለበልበኛል። አንድ ብዬ ልዋሽ?»

«እንደሱ አይደለም። በፊት የነበረው ከሦስት በላይ ነበር ማለት ነው እንጂ።»

«ከሦስት በላይ ያሉት ወንበሮች ተይዘዋል» አለኝ። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሰማዕታት ጎን አስቀምጪኝ ነው የምትይው?»

ሎጂክ ትምህርቱ ለዚህ መልስ የለውም። አስተማሪዬንም መጠየቅ አፈርኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዝማሬው ሲጀመር አዳራሹ ሙሉ እጁን አነሳ፤ አባቴ ብቻ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ሽማግሌ እጁን ኪሱ ከቶ ሲያመልክ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይገባውም፤ ከኋላችን የነበሩ ሴቶች ሹክሹክታ ጀመሩ፤ በእምነቱ ቀዝቅዟል እየተባለ መሆኑን ከጀርባዬ ተሰማኝ። እሱም ተሰምቶታል መሰለኝ፣ እጁን ማንሳት ባይችል ፊቱን ልስጥ ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወደ ላይ ቀና አለ። ዶክተሯ ያልነገረችን፣ ወይም ነግራን የረሳነው ነገር አለ፤ ሰውነት ወደ ኋላ ሲለጠጥ ሽቦው ወደ ነርቩ ይጠጋል፣ ንዝረቱ ድንገት ይበረታል። አባቴ «ኦህ!» ብሎ በግራ እግሩ ዘለለ።

«ሃሌሉያ!» አለ ጉባኤው።

«ኦህ!» አለ አባቴ።

«መንፈስ ነክቶታል! ወንድማችንን ነክቶታል!» እያሉ ጸሎት መሪው እየሮጡ መጡና እጃቸውን ጭነው አንገቱን ይበልጥ ወደ ኋላ ገፉት። አባቴ ይዘላል፣ ጉባኤው ያጨበጭባል፣ እናቴ ቦርሳዋ ውስጥ ሪሞቱን ትፈልጋለች፤ ቁልፍ ወጣ፣ ማበጠሪያ ወጣ፣ የመጋረጃ መለኪያ ሜትር ወጣ። በመጨረሻ አገኘችውና ተጫነችው። አባቴ ጸጥ አለ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው፣ እህቴ?» አሉ ጸሎት መሪው።

«ቀነስኩት» አለች።

የቡሹሎው ሽማግሌ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቁን ሊይዝ ሲሞክር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሰው እሱንም የነካው መሰለው።

ሽቦው እንዳልተንሸራተተ ሆስፒታል አረጋገጡልን። መጥፎው ዜና ሌላ ነበር። የሙከራው ማብቂያ ቀን ዶክተሯ ክፍሏ አስገባችን፤ ስልክ የምትደውለው ሲስተርም በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ዶክተሯ እንደ ወትሮዋ ፈጥና አልተናገረችም።

«አባት፣ ሲገቡ ሦስት ብለዋል። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ሁለት። በእኛ መለኪያ ይህ በቂ አይደለም። እንግዳው ሐኪም የሚወስነው ቁጥሩን አይቶ ነው። ሽቦውን ዛሬ እናውጣው እያለ ነው።»

አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተቀምጦ። ይህን የሚያይ ሰው በክፍሉ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ የሆንን መሰለኝ።

«ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ?» አለ።

«አለ። ውጭ አግዳሚው ላይ የተኛው ልጅ ነው።»

አይተነው ነበር። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ነው የተጎዳው፤ ወንድሙ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞታል።

«እንግዲያው ለእሱ ይሁን» አለ አባቴ። «ጌታ ይመስገን፣ እኔ ቀምሼዋለሁ።» ይህን ብሎ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ፕላስተሩን ሊያሳያት ጀመረ።

እናቴ በእርጋታ ስትናገር በአማርኛ ነው፤ ስትናደድ ወደ ሲዳምኛ ትገባለች። ያን ጊዜ ገባች። ቆማ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ ጣቷን አባቴ እግር ላይ ቀስራ ያለ ትንፋሽ ተናገረች። ሲስተሯ ሲዳምኛ ታውቃለች፤ አፏን በመዳፏ ከድና ወደ ግድግዳው ዞረች። ዶክተሯ አታውቅም።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

አባቴ አየኝ፤ እናቴም አየችኝ። ሁለቱንም ማስደሰት ፈለግሁ።

«እናቴ... መለኪያው ለእያንዳንዱ ሰው የግሉ ቢሆን ይሻላል ትላለች» አልኩ።

«እንደሱ አላልኩም!» አለች እናቴ በአማርኛ። «በትክክል ተርጉሚ! ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?»

ወለሉን እያየሁ ተረጎምኩ። «‹ዶክተሯ የጌታን እግር ልትመረምር አልመጣችም። ጌታ በዲስክ ታሞ ያውቃል? ሞያሌ መኪና ነድቶ ያውቃል? የጠየቁት የዚህን ደረቅ ሰው እግር ነው› ትላለች።»

አባቴ የሸሚዙን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ይናደዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተናደደም። ዶክተሯም አልሳቀችም።

«ቁጥር ጨምሬ የሌላ ሰው ዕድል አልወስድም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ውሸት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለባትሪ ብዬ አልዋሽም።»

«ውሸቱ ሦስቱ ነው» አለች እናቴ። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል፤ አማርኛም ነበር። «ጫማህን ሳስር ከላይ ጥርስህን ስታፋጭ እሰማለሁ። ጠበቅ አርጊው የምትለኝ እንዳልሰማህ ነው። በሦስት ጥርስ ይፋጫል? ለሰማዕት ሰጠህ፣ ለጎረቤት ሰጠህ፣ ለእኔም ለምጤ ሰጠህ። ለእግርህ የሰጠኸው የተረፈውን ነው።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«አባት፣ ውጭ ስላለው ልጅ የማስበው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። የእርስዎ ሥራ እውነቱን መንገር ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ ኬላው እየሠራ ስለነበር የድሮውን ረስተውት ይሆናል። ላጥፋውና ይንገሩኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ሪሞቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለዶክተሯ ሰጠቻት፤ በዚህ ጊዜ ከዕቃዎቿ ሁሉ በላይ ነበር። ዶክተሯ ተጫነችው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ የአባቴ ግራ እጅ የወንበሩን ጠርዝ ፈልጎ ያዘ። ቀኝ ትከሻው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያም እንደ ድሮው በግማሽ ተነሳ፣ ፍሪጅ እንደሚፈልግ ሰው።

«ልጅቷ ትውጣ» አለ። ለመናገር ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበት። «አንቺም ውጪ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆምን። እናቴ ሻሿን ፈታ አሰረች፣ እንደገና ፈታችው። ልጁ አግዳሚው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል፤ ወንድሙ «ተራችሁ ደረሰ?» አለን፤ «አናውቅም» አልነው። ከበሩ ጀርባ ምንም አይሰማም። ጆሮዬን ላስጠጋ ፈልጌ ነበር፤ እናቴ በክርኗ መለሰችኝ፤ ከዚያ እሷ ራሷ አስጠጋች።

በሩ ሲከፈት እናቴ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ዶክተሯ ነበረች። ፊቷ ስንገባ እንደነበረው አልነበረም።

«እንግዳውን ሐኪም ላነጋግረው ነው» አለች። «ከነገ ወዲያ ጠዋት ምንም ሳይበሉ ይዛችኋቸው ኑ። ባትሪው ይገባል።»

«ስንት አለ?» አለች እናቴ።

«የነገሩት ለእኔ ነው፣ እናት።»

አባቴ ከኋላዋ ወጣ፤ መሣሪያው ተመልሶ በርቶለት ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ጆሮው ቀልቷል። «እንሂድ» አለ። ባጃጅ ላይ እናቴ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ወደ ውጭ እያየ ስለ ሕንፃዎቹ አወራ። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ በምግብም በቁጣም ሞክራለች፤ አልተሳካላትም። አሁን ትታዋለች፤ ለዶክተሯ መናገሩ እንደሚበቃት ነግራኛለች።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። አባቴ ከሰመመን ሲነቃ የመጀመሪያ ጥያቄው «ያ ልጅስ?» የሚል ነበር። ከወረፋው አንድ ሰው ስለቀረ ለልጁም መሣሪያ ደርሶት ነበር፤ ሙከራውን ጀምሯል። ይህ ባይሆን ኖሮ አባቴ ባትሪውን በጥፍሩ ፍቆ ያወጣው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ዙር ጠያቂ ደግሞ ባትሪው የት እንደተቀበረ ማወቅ ፈለገ።

«ከወገብ ዝቅ ብሎ ነው» አለ አባቴ በሽማግሌ ወግ።

«ምን ያህል ዝቅ ብሎ?» አለ የቡሹሎው ጓደኛው ያንን ማሳ ተሻጋሪ ድምፁን አውጥቶ። «ማለትም መቀ—»

«ከወገብ ዝቅ ብሎ ነው አልኩህ እኮ!»

«ገባኝ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ተጠንቀቅ፤ እንዳይበራ።»

አሁን ቤታችን መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ቻርጅ የሚደረገው አባቴ ነው፤ ስልኮቻችን ተራ ይጠብቃሉ። ባትሪውን ከቆዳው ላይ የሚሞላውን የቻርጅ ቀበቶ ታጥቆ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ጫማውን ራሱ ያስራል፤ ማሰሪያውን ያጠብቀዋል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ያጠብቀዋል። እሳቱ ጨርሶ አልጠፋም። ዝናብ ሲመጣ ይነሳበታል፤ አንዳንድ ቀን እንደገና ፍሪጁን ሲፈልግ እናየዋለን። ልዩነቱ አሁን መናገሩ ነው። እንዲያውም ቁጥር አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ፤ ሽሮው ስድስት ነው፣ የዛሬው ስብከት አራት ነው፣ የእኔ የሒሳብ ውጤት ከምጥ ይብሳል። እናቴ «ዝም ያልክ ጊዜ ይሻል ነበር» ትለዋለች፤ ግን አታምንበትም።

ሲስተሯ ቁስሉ እስኪድን ድረስ መደወሏን ቀጥላ ነበር። በመጨረሻው ጥሪ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ስልኩ ድምፁ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የእሷ እናት ተጠየቁ፣ ዝናቡ ተነሳ፣ ጌታ ተመሰገነ።

«ዛሬስ ስንት ነው፣ አባት?»

አባቴ አሰበ፤ እግሩን ዘርግቶ አጥፎ ሞከረው። «አራት» አለ።

«እንዴ! ቀዶ ጥገና ሳይደረግልዎ ሦስት ነበሩ እኮ!»

«ያ ከሰው የተረፈ ነበር፣ ልጄ። ይሄ የራሴ ነው። አራት ብለሽ ጻፊ።»

ስትጽፍ ሰማናት። ከዚህ በኋላ እንደማትደውል፣ ችግር ካለ እሱ እንዲደውል ነገረችው፤ ተመራረቁና ዘጉ።